አራት ተኩል ኢንች በረዶ

አባቴ የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደሆነ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሻችሁ «ድሮስ!» ትላላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ንባቡን ትታችሁ ትነሣላችሁ። ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል። በከተማችን በሚንክ ሌክ ሁለት ወገን አለ፣ አባቴ ከሁለቱ የአንዱ ነው፣ ይኸው ይበቃል። እኔ ደግሞ የከተማዋ ጋዜጣ አዘጋጅ ነኝ። ጋዜጣው «ሪከርድ» ይባላል፣ ረቡዕ ረቡዕ ይወጣል። አዘጋጁም፣ ዘጋቢውም፣ ስልክ አንሺውም እኔው ነኝ። ስለዚህ ስድብ ሲላክ አድራሻው አይሳሳትም።

በጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ፣ ታች ጥግ ላይ፣ የክብሪት ሣጥን የምታህል ቦታ አለች። የከተማችን ሐይቅ በብርድ ረግቶ በረዶ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ እስኪቀልጥ ድረስ እዚያች ላይ የበረዶው ውፍረት በኢንች ይጻፋል። ሰው የፊቱን ገጽ ሳያይ እሷን ያያል። እኛ ዘንድ ሐይቅ ሲረጋ መንገድ ይሆናል። የዓሣ ማጥመጃ ጎጆአችንን በመኪና እየጎተትን መሀሉ ድረስ እንወስዳለን፣ ወለሉ ላይ ባለው ቀዳዳ መንጠቆአችንን አውርደን፣ ምድጃ አንድደን እንውላለን። ለእግረኛ አራት ኢንች ይበቃል። ለፒካፕ መኪና አሥራ ሁለት። ይህን ፊደል ያልቆጠረም ያውቀዋል።

ያቺን ቁጥር ሠላሳ አንድ ዓመት የለካው አባቴ ኦርቪል ሩድ ነው። በካውንቲው፣ በወረዳችን ማለት ነው፣ ከሰማይ የሚወርደውን አመዳይ ከመንገድ የሚጠርግ መኪና ሾፌር ነበር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በእጅ የሚዞረውን መሰርሰሪያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይወጣና ሦስት ቦታ ይሰረስራል፤ አንዱ ጀልባ ማውረጃው ጋ፣ አንዱ ድንጋያማው ዳርቻ ጋ፣ አንዱ ደግሞ ሐይቁ የሚጠብበት ቦታ ላይ። ያንን ቦታ «ጠባቡ» እንለዋለን። ጠባቡ ላይ በረዶው ሥር ውኃ ስለሚፈስ ሁልጊዜም ከሌላው ይሳሳል። ወደ ጥሩው ማጥመጃ የሚሄድ ሁሉ ደግሞ በዚያ ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ ጋዜጣው ላይ የሚወጣው የጠባቡ ቁጥር ነው።

አባቴ ለዚህ ሥራ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ሰኞ የተለካው ረቡዕ እስኪታተም ለማንም አይነገርም፤ አለዚያ ሁሉም ማክሰኞ ዕለት ቆርጦ ቀጥሎ ያወራዋል። ሁለተኛውን መለካት ሲያስተምረኝ ነው የነገረኝ።

«በረዶ የማንም ዘመድ አይደለም» አለኝ። «ፓስተሩ ይህን ያህል ነው ቢልሽ፣ ሸሪፉ ይህን ያህል ነው ቢልሽ፣ ማን አለ ብለሽ አትጠይቂ። ሰርስሪ።»

ይህን ያለኝ ያው አባቴ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በምርጫው ሰሞን የወገኑ እጩ በአዳራሽ ስብሰባ ላይ የተናገረውን ቃል በቃል አተምኩ። በማግስቱ ቢሮዬ መጣ።

«ሰውየው ራሱ የተናገረው ነው እኮ፣ አባዬ» አልኩት።

«መናገሩንማ ተናግሯል። እኔም እዚያው ነበርኩ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ውሸቱ?»

«ውሸት ነው መች አልኩ? ለምን አወጣሽው ነው የምልሽ።»

ከዚያ በኋላ መሰርሰሪያውን አምጥቶ ቤቴ በር ላይ አስደግፎት ሄደ። አላንኳኳም። ላለፉት አራት ዓመታት የምለካው እኔ ነኝ፣ በእሱ መሰርሰሪያ፣ እሱ በመረጣቸው ቦታዎች፣ እሱ ባስተማረኝ አለካክ። ጋዜጣውን ማንበብ ተወ እንዳትሉ። ከፊደል እስከ ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ ያነበዋል። የበረዶዋ ቁጥር ጋ ሲደርስ ደግሞ ከጎኗ አራት ይደምርባታል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ዘጠኝ ብዬ ያወጣሁት ቦታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሄድበት አሥራ ሦስት ሆኖ አገኘው። በሦስት ሳምንት በረዶ እንደሚወፍር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም። ግን ያኔ «እነዚህ ሰዎች አራት አራት ይቀንሳሉ» ብሎ ደመደመ፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ራሱ ሰርስሮ አላየም።

ስለ አባቴ ብቻ ማውራት ግን አድልዎ ይሆናል፣ እኔም በአድልዎ መከሰስ በቅቶኛል። የሌላው ወገን ቁንጮ ሚስስ ኦድላንድ ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ከቢሮዬ ፊት ለፊት ባለው ቤተ መጻሕፍት በፈቃደኝነት ይሠራሉ። አምና በረዶው አሥራ አምስት ደርሶ ነበርና አሥራ አምስት ብዬ አተምኩ። የዓሣ አጥማጆች ክበብ ሊቀመንበር ራንዲ ክሌፕ ነው፣ የአባቴ ወገን። በረዶው ላይ የሚደረገው ዓመታዊ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ደግሞ የራንዲ ውድድር ነው፣ ለካውንቲው ምክር ቤትም ሊወዳደር ያስባል። ሚስስ ኦድላንድ ደወሉ።

«አሥራ አምስት ብለሽ የራንዲን ውድድር አሞቅሽለት።»

«አሥራ አምስት ነበር እኮ፣ ሚስስ ኦድላንድ።»

«መሆኑን አልካድኩም። ማንን እንደጠቀመ ግን ተመልከቺ።»

ለተማሪዎቻቸው ሙከራውን ሳትሠሩ ውጤቱን አትጻፉ ይሉ የነበሩት እኚሁ ሴት ናቸው።

ከቢሮዬ በር ጀርባ ሁለት ረጃጅም ምስማሮች ነበሩ። በግራው የአንዱን ወገን የስሞታ ደብዳቤ እሰካለሁ፣ በቀኙ የሌላውን። ለጎብኚ ሁሉ እያሳየሁ እኮራ ነበር። «ሁለቱ እኩል ከሞሉ መሀል ቆሜአለሁ ማለት ነው» እላለሁ። ሞኝነት እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ሁለት ሰዎች ሁለት ጊዜ ሁለት ስንት እንደሆነ ቢጣሉና አንዱ አራት፣ ሌላው ስምንት ቢል፣ ስድስት የሚል ሰው ሁለቱንም ያስቆጣል። ስድስትም ግን ያው ስሕተት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ዘንድሮ በረዶው አስቀየመን። መጀመሪያ ሞቅ አለ፣ ከዚያ ገና በስሱ እንደረጋ ከባድ አመዳይ ወረደበት። አመዳይ ብርድ ልብስ ነው፤ ከላይ ሲከምር ከሥር ያለው በረዶ መወፈር ያቆማል። በጥር የመጀመሪያው ሰኞ ጠባቡ ላይ ሰርስሬ ማስመሪያውን ሳስገባ አራት ተኩል አለ። አላመንኩም። ሦስት እርምጃ ሄጄ ደገምኩት፣ አራት ተኩል። ስድስት ጊዜ ሰረሰርኩ። ትከሻዬ እስኪገነጠል ድረስ። አንዱ ብቻ አምስት ሆነ፣ ሌላው ሁሉ ያው። የራንዲ ውድድር ቅዳሜ ነው። ሁለት መቶ ሰው፣ ምናልባት ስልሳ መኪና።

ቢሮ ስገባ ራንዲ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ ሲስቅ ጥሩ ነው፣ ያን ቀን አልሳቀም።

«ስድስት ጉድጓድ ሰረሰርሽ አሉኝ» አለ። «ለደግ ወሬ ስድስት ጉድጓድ የሚሰረስር የለም። ዝቅ ብሏል አይደል?»

«ረቡዕ ታየዋለህ።»

«ስሜን ሳትጠሪ እኔን መምቻ አገኘሽ ማለት ነው።»

«ራንዲ፣ በረዶ ነው የለካሁት።»

«ከሳምንት ሁሉ በዚህ ሳምንት?»

«በየሳምንቱ ነው እኮ የምለካው!»

«ይኸውልሽ! በየሳምንቱ ስትለኪ ቆይተሽ ልክ በኔ ሳምንት ዝቅ አለ። በአጋጣሚ ነው በይኛ።»

«እሺ ተነሥ፣ አሁን አብረን ሄደን እንሰርስር።»

«ቦታውን የምትመርጪው አንቺ።»

«አንተ ምረጥ።»

«አየሽ? እኔ ብመርጥ ነገ ‹ራንዲ ቦታ መራጭ› ብለሽ ታወጫለሽ።»

«ጭራሽ ባላወጣውስ?» አልኩት። እውነት ጠይቄው ነው፤ መውጫ ካለ ልይ ብዬ።

«ካላወጣሽማ ደበቅሽ። ሰው ቢሰምጥ ‹ራንዲ አስፈራርቶ አስደበቀኝ› ልትዪ ነው። እኔን ሞኝ አታድርጊኝ።»

አወጣሁም ደበቅሁም፣ ሰረሰርኩም ተውኩም፣ ሁሉም በር ወደ አንድ ክፍል ነበር የሚያስገባው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ፍርዱ ቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል። ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ዞረ።

«የኔ ጀልባ ማቆሚያ ጋ አሥራ ሁለት ነው፣ ዛሬ ጠዋት ለክቼዋለሁ። ሐቀኛ ከሆንሽ የኔንም ቁጥር ታወጫለሽ። ሁለቱንም ወገን ነው የምሰማው አይደል የምትዪው?»

አሥራ ሁለት መሆኑን አልጠራጠርም። የራንዲ ጀልባ ማቆሚያ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ነፋስ አመዳዩን ጠርጎ የሚወስድበት፣ ውኃው ከጉልበት የማያልፍበት ጥግ ነው። ከጠባቡ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ገና መንገዱን ሳይሻገር ስልኩ ጮኸ።

«ዴላ» አሉ ሚስስ ኦድላንድ፣ «ራንዲ ክሌፕ ቢሮሽ ሃያ ደቂቃ ቆየ። ከመስኮቱ አየሁት።»

«ሊቆጣኝ ነው የመጣው።»

«ሊቆጣ የመጣ ሰው ሃያ ደቂቃ አይቀመጥም። ተስማምታችኋል።»

«ኧረ ተጣልተን ነው የተለያየነው።»

«እንግዲያው እኔ እንዳልጠረጥር ነው የተጣላችሁት» አሉና ዘጉት። ስልኩን ይዤ እየሳቅሁ ቀረሁ፣ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከአባቴ ጋር ምሳ እንበላለን። ከእናቴ ሞት ወዲህ ያላፈረስነው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። እሱ ሁልጊዜ ዳቦ ላይ የተደረገ ጥብስ ከነመረቁ ያዛል፣ እኔ ሾርባ።

«ዓርብ ጠዋት ጎጆዬን አወጣለሁ» አለኝ። «ቅዳሜ ግርግር ነው። ቀድሜ ጥሩውን ቦታ ልያዝ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «በጠባቡ ነው የምታልፈው?»

«በሰማይ ልለፍ?»

«አባዬ፣ ስማኝ፣ ሰኞ ስለካው እኮ…»

እጁን አነሣ። መንገድ ላይ መኪና እንደሚያስቆም ሰው፣ መዳፉን ፊቴ ላይ ደቀነ።

«ሰኞ የተለካው ረቡዕ ነው የሚነበበው። ከእናትሽም ደብቄ ኖሬአለሁ። እኔ ያወጣሁትን ሕግ በኔው ጠረጴዛ ላይ አታፍርሺው።»

«አንተ ግን ራስህ ሄደህ ብትሰረስር…»

«ጉልበቴ እንቢ ይላል። ደግሞስ ምን አለፋኝ? ጋዜጣሽን አይቼ አራቴን እደምራለሁ። አሥራ ሁለት ከሞላ እገባለሁ፣ ካልሞላ አልገባም። በሰባ ስምንት ዓመቴ እብድ አደረግሽኝ?» ከዚያ ሳቀ፣ የዳቦውን ጫፍ መረቁ ውስጥ ነከረ። «መስኮቴን ከፍቼ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ቀስ ብዬ። እንደ ድሮው።»

በረዶ ላይ የሚነዳ ሰው መስኮቱን የሚከፍተውና ቀበቶውን የሚፈታው ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ከሰጠመ እንዲወጣ ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት እንዲያ ሲነዳ አይቼ አንድም ቀን አልፈራሁም። ያን ቀን ግን ፈራሁ።

ገጹ ማተሚያ ቤት የሚላከው ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮ ተቀምጬ ያቺን የክብሪት ሣጥን የምታህል ቦታ ከፈትኩና «አራት ተኩል» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። ትክክል ነው። ነገ የሚመጣውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ የራንዲ ሰዎች ስልክ፣ ሬዲዮው ላይ የሚባለው፣ ሱቅ ስገባ የሚዞረው ጀርባ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች ሁለት ወር አላናገሩኝም ነበር፣ ያኔ ስለ እጩው ባተምኩ ጊዜ። አባቴም ያቺን ቁጥር አይቶ ምን እንደሚል አውቃለሁ ብዬ አሰብኩ። «ልጄ ለእነሱ ስትል በእኔ ላይ ዋሸች» ይላል ብዬ። እውነቱን ልናገር፣ ደክሞኝ ነበር። ስለ በረዶው የነበረኝ ፍርሃት ስለ ሰው ካለኝ ፍርሃት አነሰ፣ ምክንያቱም በረዶው አይደውልም።

ሰረዝኩት። ባዶ ልተወው አሰብኩ፣ ባዶውም መደበቅ ነው። እንደገና ጻፍኩት፣ እንደገና ሰረዝኩት። አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው እንዲህ ብዬ ላክሁት፦

«የበረዶ ውፍረት፦ በሪከርድ መለኪያ አራት ተኩል ኢንች፤ በዓሣ አጥማጆች ክበብ መለኪያ አሥራ ሁለት ኢንች።»

ጠባቡ አላልኩም፣ የራንዲ ጀልባ ማቆሚያም አላልኩም። ቦታ አይበቃም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቦታማ ነበረ። እኛ የጋዜጣ ሰዎች ይቺን ነገር ፍትሐዊነት እንላታለን፤ አንድ ሰው ዘንቧል ቢል፣ ሌላው አልዘነበም ቢል፣ ሁለቱንም ጽፈን እጃችንን እንታጠባለን። መስኮት ከፍቶ ማየት የኛ ሥራ እንደሆነ እንረሳዋለን። የኔስ ከዚያም ይብሳል፤ እኔ መስኮቱን ስድስት ጊዜ ከፍቼ ስድስት ጊዜ አይቼ ነበር።

ረቡዕ ስልኩ ከማለዳ ጀምሮ አላረፈም። የራንዲ ወገን አራት ተኩሉን በመጻፌ፣ የሚስስ ኦድላንድ ወገን አሥራ ሁለቱን በመጻፌ። ደብዳቤም በበሩ ሥር ገባ። እስከ ሐሙስ ማታ በግራው ምስማር አሥራ አንድ፣ በቀኙ ምስማር አሥራ አንድ ሆኑ። ቆጠርኳቸው። እፎይ አልኩ። ልካድ ብልም የምክደው አይደለም፣ ሁለቱን ምስማሮች አይቼ ከልቤ እፎይ ብዬ ቤቴ ሄድኩ። አባቴ አልደወለም። ዝም ያለው ሁለት ቁጥር ሲያይ ግራ ተጋብቶ፣ ነገሩን ሰግቶ፣ ዓርብ መውጣቱን ትቶት ይሆናል አልኩ። ደውዬ ልጠይቀው ነበር። ነገ አልኩ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሚስስ ኦድላንድ ደወሉ። ቤታቸው ጠባቡ ፊት ለፊት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

«ዴላ፣ የአባትሽ መኪና በረዶው ላይ ነው። ጎጆውን እየጎተተ ነው። ነይ፣ ቶሎ ነይ።»

ስደርስ ሰማያዊው ፒካፕ ከዳር መቶ እርምጃ ያህል ገብቷል። ከኋላው ቢጫዋ ጎጆ በበረዶ መንሸራተቻዋ ላይ ቀስ እያለች ትከተለዋለች። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ክርኑ ወጥቷል። ሮጥኩ፣ ጮኽኩ፣ «አባዬ ተመለስ! አራት ተኩል ነው! አራት ተኩል ነው!» አልኩ። ሰማኝ። ድምፄን ሰምቶ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ሰላም አለኝ። ሰላምታ መስሎት ነበር።

ድምፁ ብዙም አልነበረም። በረዶው እንደ ወፍራም ጨርቅ ተቀደደ። የመኪናው አፍንጫ ጎንበስ አለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ሐሳቡን የሚለውጥ መሰለኝ፤ ከዚያ ጥቁር ውኃ ወጣና መኪናውን ወሰደው። ጎጆዋ ዳር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። እኔ ሆዴ ላይ ተኝቼ እየተሳብኩ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ጉልበቴ ሲደማ ነው። በውኃው መሀል ቀዩ ቆቡ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ፊቱ። በመስኮቱ ወጥቶ ነበር።

ያወጡት ራንዲና ሚስስ ኦድላንድ ናቸው። ራንዲ የራሱን ጎጆ ሊያወጣ እየመጣ ነበር፣ መኪናው ላይ መሰላል ነበረው። መሰላሉን በረዶው ላይ ዘርግቶ ያ ሁሉ ሰውነቱን ጣለበትና ተሳበ። ሚስስ ኦድላንድ የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን ቆርጠው አምጥተው ወገቡ ላይ አሰሩለት፣ እሳቸው ከዳር ሆነው ያዙ፣ እኔም ያዝኩ። «ሳብ!» ይላል ራንዲ፣ «ያዝኩት! ሳቡ እመቤቴ!» «ዝም ብለህ ያዘው አንተ ሰውዬ፣ ትንፋሽህን አትጨርስ!» ይላሉ እሳቸው። አባቴን ስናወጣው ከንፈሩ ቀለም አልነበረውም፣ ሚስስ ኦድላንድ ካፖርታቸውን አልብሰው አቀፉት። ራንዲ አጠገባቸው ተቀምጦ አለቀሰ።

ውድድሩ ተሰረዘ። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት በበሩ ሥር ደብዳቤ ተቆልሎ ነበር። የአባቴ ወገን፦ አሥራ ሁለቱን ያወጣችሁት ሰዎቻችን እንዲሰምጡ ሆን ብላችሁ ነው። የሌላው ወገን፦ አሥራ ሁለቱን ያወጣችሁት ራንዲን ለመጥቀም ብላችሁ ነው። ከራንዲ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ «ጀልባ ማቆሚያዬ ጋ ብዬሽ ነበር፣ ዴላ።» እሷ እውነት ነበረች። ሌሎቹን አንብቤ ምስማሮቹ ላይ ልሰካ ተነሣሁ፣ ግን ተውኩት። ሁለቱንም ምስማሮች በመዶሻ ጀርባ ነቀልኳቸው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ።

አባቴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሳንባው ታሟል፣ የሁለቱ እጆቹ ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ ሦስቱን ያጣቸው ይሆናል ብለውኛል። የረቡዕን ጋዜጣ ከቤቱ አስመጥቶ ጭኑ ላይ ዘርግቶታል። ጎኑ ተቀመጥኩ።

«አሥራ ሁለት ይላል» አለኝ።

«አራት ተኩልም ይላል፣ አባዬ።»

«አራት ተኩሉ ያንቺ ነው። አሥራ ሁለቱ የራንዲ።» እያንዳንዱን ቃል በሳል መሀል ነው የሚያወጣው። «እናንተ ራንዲን አትወዱትም። የማትወዱትን ሰው ቁጥር ካወጣችሁ እውነት ሆኖባችሁ ነው አልኩ። ክፉ ስትናገሩ አላምናችሁም፤ ደግ ስትናገሩ ግን፣ ያውም ለራንዲ፣ ታዲያ ለምን ትዋሻላችሁ? አሥራ ሁለት ብቻዋን ሞላች። አንድም አልደመርኩባት።»

በአራት ዓመት ውስጥ ጋዜጣዬን ያመነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ስንት ነበር እውነቱ?» አለኝ።

«አራት ተኩል። ስድስት ጊዜ ሰርስሬዋለሁ።»

«በኔ መሰርሰሪያ?»

«ባንተ መሰርሰሪያ። ጠባቡ ላይ፣ አንተ ባሳየኸኝ ቦታ።»

ጋዜጣውን አየው። በፋሻው ጫፍ ያቺን ጥግ ነካ ነካ አደረጋት።

«ታዲያ ለምን እሷን ብቻ አልጻፍሽም?»

«ብጽፋት ታምነኝ ነበር?» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ አለ፣ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ አየችን። «እስቲ ንገረኝ፣ አባዬ! በሕይወትህ አንድ ቀን ታምነኝ ነበር?»

«አላምንሽም ነበር» አለ። አልተቆጣም። «አራቴን እደምርባት ነበር።»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። በልቡ እየደመረ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ስምንት ተኩል» አለኝ። «ልጄ፣ እኔ በስምንት ተኩል መኪና አስገብቼ አላውቅም።»